ቦይለሩ የት ገባ?

የስቲቨን ኪንግ አስፈሪ ልቦለድ «ዘ ሻይኒንግ» ሲነሳ ክርክሩ ያው ነው፤ መጽሐፉ ይበልጣል፣ ፊልሙ ይበልጣል። መጽሐፉ በ1977 ወጣ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ፊልም አደረገው። በ1997 ደግሞ ኪንግ ስክሪፕቱን ራሱ ጽፎ፣ ሚክ ጋሪስ በሦስት ክፍል ለቴሌቪዥን ሠራው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ቦይለሩን፣ የታሪኩን ሆቴል የሚያሞቀውን የእንፋሎት ጋን ነው።

አዎ፣ ቦይለሩን። መጽሐፉ ውስጥ ጃክ ቶራንስ በረዶ መንገድ የሚዘጋበትን ሆቴል ሊጠብቅ ሲቀጠር፣ ከምንም በላይ የሚነገረው ምድር ቤት እየወረደ አሮጌውን ቦይለር እንዲያስተነፍስ ነው። አዲስ ሳለ ግፊቱ እስከ 250 ቢደርስ ይችል ነበር፤ አሁን መለኪያው 180 ካለ አጠገቡ የሚቆም የለም። ግፊቱ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይወጣል። ጃክ ራሱስ? መጠጥ ያቆመ፣ ንዴቱን አምቆ የያዘ ሰው አይደል? መናፍስት የሰፈሩበት ሆቴል አእምሮውን ሙሉ በሙሉ ሲወስደው ቦይለሩን ይረሳል፤ ይፈነዳል።

ኩብሪክ ፍንዳታውን አወጣው። የእሱ ጃክ በረዶ ውስጥ ደርቆ ነው የሚሞተው። ታዲያ ውጥረቱን ከየት አመጣው? ልጁ ዳኒ ባለሦስት ጎማ ብስክሌቱን የሚነዳበትን ቦታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ጎማው ጣውላው ላይ ይንኳኳል፣ ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ጸጥ፣ ደግሞ ጣውላ፣ ደግሞ ጸጥ። ስቴዲካሙ (ሳይንቀጠቀጥ እየተንቀሳቀሰ የሚቀርጸው ካሜራ) ወለሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከኋላ ይከተለዋል። ለእኔ ቦይለሩን የተካው ይሄ ድምፅ ነው።

ቦይለሩን መተዉ ግን ዋጋ አስከፍሎታል። የእሱን ጃክ የሚጫወተው ጃክ ኒኮልሰን ገና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ ፊቱ ደህና አይመስልም፤ ከየት ተነስቶ ይውደቅ? የ1997ቱ ተዋናይ ስቲቨን ዌበር መጀመሪያ አባት ይመስላል፣ ስለዚህ ሲበላሽ ያማል። ቦይለሩም ተመልሷል።

የቴሌቪዥን ተከታታዩ ችግር ሌላ ነው፤ በእንስሳት ቅርጽ የተከረከሙት ቁጥቋጦዎች። መጽሐፉ ላይ የሚያስፈሩት ፊታችሁን ስታዞሩ ብቻ ስለሚጠጉ ነው። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር እየተራመዱ ሲያሳያቸው ፍርሃቱ ይጠፋል። ኩብሪክ በቁጥቋጦ አጥር በተሠራ ውስብስብ መንገድ ቀይሯቸው ተገላገለ።

መንፈስ ያለበት የሆቴሉ ክፍል ቁጥር በፊልሙ እንደ መጽሐፉ 217 ሳይሆን 237 የሆነውስ? እሱ ምሥጢር የለውም። ለፊልሙ ሆቴል ከውጭ የተቀረጸው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ያለ ሎጅ 217 የሚባል ክፍል ስለነበረው፣ እንግዳ እንዳይሸሽበት ለምኖ ነው።

ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ። 144 ደቂቃ የሆነ አለ፣ 119 የሆነ አለ። አጭሩ ላይ ሐኪሟ ዳኒን የምታይበት ትዕይንት ተቆርጧል። እናቱ ጃክ የልጁን ትከሻ እንዳወለቀ የምትናገረው እዚያ ነው፤ እሱን ሳያዩ ከመጽሐፉ ጋር ማወዳደር ኩብሪክን መበደል ነው።