1,200 ሜጋዋት የት ገባ? ኢንቨርተር፣ ባትሪ እና የግሪድ አስተማማኝነት

[ምስል፦ ጭስ የሸፈነው የተራራ መተላለፊያ፤ በላዩ የተዘረጉ ከፍተኛ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2016 ረፋድ ላይ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ካሆን በሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ፣ ብሉ ከት የሚል ስም የተሰጠው ሰደድ እሳት ተነሣ። ይህ መተላለፊያ ለሎስ አንጀለስ አካባቢ ኃይል የሚያመላልሱ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመሮች የሚያልፉበት ነው። ጭስና የጋለ አየር በሽቦዎቹ መካከል ሲገባ አየሩ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ መስመሮቹ በዕለቱ ደጋግመው ሾርት አደረጉ። ይህ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሪሌይ የሚባለው ጠባቂ መሣሪያ ችግሩን ያያል፣ ብሬከር የሚባለው ማቋረጫ መስመሩን ይቆርጣል፣ ግሪዱም፣ ማለትም ጣቢያዎችንና ደንበኞችን የሚያገናኘው የኃይል መረብ፣ ሥራውን ይቀጥላል። በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 5 ሰዓት ከ45 ላይ የደረሰው ሾርትም ከ50 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተቆርጦ አልቆ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት 1,200 ሜጋዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ከግሪዱ ጠፋ። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ይህ ከጊቤ ሦስት ጣቢያ የማመንጨት አቅም ሁለት ሦስተኛውን የሚጠጋ ነው። ጣቢያዎቹ የቆሙት እሳት ስለደረሰባቸው ወይም ደመና ስለጋረዳቸው አልነበረም። ለማቆም ያበቃቸው በውስጣቸው ተጽፎ የተቀመጠ ትእዛዝ ነበር።

[ምስል፦ የተከፈተ ጄነሬተር፣ በዝግታ የሚዞር ግዙፍ የብረት አካል]

ተራኪ፦ ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የነባሩን ጣቢያ አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በውሃም ሆነ በእንፋሎት የሚዞር ትልቅ ጄነሬተር በውስጡ እጅግ ከባድ የሆነ የሚሽከረከር ብረት አለው፤ ይህም ብረት በመግነጢስ ኃይል ከግሪዱ ጋር ተቆላልፎ፣ በዚያው ግሪድ ላይ ካሉት ሌሎች ጄነሬተሮች ጋር በአንድ ምት ይዞራል። አንድ ጣቢያ በድንገት ሲወድቅ የቀሩት ብረቶች ማንም ሳያዝዛቸው ከሽክርክሪታቸው ጉልበት ቀንሰው ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍናሉ፤ ፍጥነታቸው በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ቢወርድም በዝግታ ስለሚወርድ ሌሎች ጣቢያዎች ምርታቸውን ለመጨመር ጊዜ ያገኛሉ። መሐንዲሶች ኢነርሺያ የሚሉት ይህንኑ ነው።

የኢትዮጵያ ግሪድ አብዛኛውን ኃይል የሚያገኘው ከውሃ በመሆኑ፣ ከጊቤ እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያሉት ተርባይኖች ይህን አገልግሎት ሳይጠየቁ ይሰጣሉ። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያዎች ድርሻ ገና አነስተኛ ስለሆነ፣ ዛሬ የምናነሣው ችግር በሰፈራችን ከምናውቀው የመብራት መጥፋት ጋር መምታታት የለበትም።

[ምስል፦ ከፀሐይ ፓነል ወደ ኢንቨርተር፣ ከኢንቨርተር ወደ መስመር የሚሄድ ኮረንቲ]

ተራኪ፦ የፀሐይ ፓነልም ሆነ ባትሪ የሚሰጠው ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲሆን፣ ግሪዱ የሚፈልገው ደግሞ በሰከንድ 50 ወይም፣ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች፣ 60 ጊዜ የሚመላለሰውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ኢንቨርተር በውስጡ ያሉትን ትራንዚስተሮች በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። የሚሽከረከር ብረት የለውም፤ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው በፕሮግራም ነው። እስካሁን ከተተከሉት ኢንቨርተሮች አብዛኞቹ ደግሞ የግሪዱን ሞገድ እያነበቡ በዚያው ልክ ኮረንቲ የሚያስገቡ ተከታዮች ናቸው። ከበሮ እየሰማ የሚያጨበጭብ ሰው ምቱን ይከተላል እንጂ ምቱን አያወጣም፤ ከበሮው ለአፍታ ቢዛነፍ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ከበሮ መቺዎቹ ብዙ፣ አጨብጫቢዎቹ ጥቂት በነበሩበት ዘመን ይህ ማንንም አላስጨነቀም።

አሁን ወደ ብሉ ከት እንመለስና ያችን ቅጽበት በቅርብ እንያት። ሾርቱ ሲደርስ የቮልቴጁ ሞገድ ቅርጹ ተጣመመ፤ ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበት ነጥብም ከቦታው ዘለለ። ፍሪኩዌንሲን የሚያሰላው ፕሮግራም ይህን ዝላይ የፍጥነት ለውጥ አድርጎ ስለቆጠረው፣ ፍሪኩዌንሲው ከ57 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ57 ምልልስ፣ በታች ወርዷል ሲል ደመደመ። ትእዛዙ ከ57 በታች ሲሆን ወዲያውኑ ከመስመር ውጣ የሚል ነበርና ኢንቨርተሩ ወጣ። የግሪዱ እውነተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ከ59.8 ኸርዝ በታች አልወረደም። ወደ 700 ሜጋዋት የሚሆነው የጠፋው በዚህ የተሳሳተ ንባብ ብቻ ነው። ከቀሪው አብዛኛው የጠፋው ደግሞ ቮልቴጁ ከመደበኛው 90 በመቶ በታች ሲሆን ኮረንቲ መስጠታቸውን ለጊዜው እንዲያቆሙ በተዘጋጁ ኢንቨርተሮች ነው፤ ግሪዱ ድጋፍ በሚሻበት ሰዓት ድጋፉን መንፈግ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የደንቡ አነባበብ ነው። የሰሜን አሜሪካው የግሪድ አስተማማኝነት ድርጅት ኔርክ ባወጣው መመዘኛ ላይ ጣቢያዎች ከመስመር እንዳይወጡ የተከለከሉበት ክልል በሥዕል ተሠምሮ ነበር፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው ክልል መውጣት የሚፈቀድበት ነው። ብዙዎች ግን ይህን ክልል መውጣት ግዴታ የሆነበት አድርገው አነበቡትና ኢንቨርተሮቻቸውን በዚያው መሠረት አዘጋጁ። በመፈቀድና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት በመቶዎች ሜጋዋት ሲለካ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው።

ከምርመራው በኋላ አምራቾች ኢንቨርተሩ በፍሪኩዌንሲ ሳቢያ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች እንዲታገሥ አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ እዚያው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካንየን 2 የተባለው እሳት ሲነሣ የፍሪኩዌንሲው ስህተት አልተደገመም፤ ይሁን እንጂ በቮልቴጅ ምክንያት ወደ 900 ሜጋዋት ጠፋ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2022 ደግሞ በቴክሳስ፣ ኦዴሳ አቅራቢያ፣ በደረሰ አንድ ሾርት 2,555 ሜጋዋት ጠፋ። ከዚህ ውስጥ 1,711 ሜጋዋቱ የፀሐይ ሲሆን የቀረው ከሚሽከረከሩ ነባር ጣቢያዎች ነው፤ ስለዚህ ነባሮቹን ነቀፋ የማይነካቸው አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም።

[ምስል፦ የወደቁ የማስተላለፊያ ማማዎች፣ ጨለማ የዋጠው ከተማ]

ተራኪ፦ በነዚህ ክስተቶች ግሪዱ አልወደቀም። በደቡብ አውስትራሊያ ግን ወድቋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ማማዎችን ጥሎ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁን 6 ጊዜ አወረደው። የነፋስ ጣቢያዎቹ እያንዳንዱን የቮልቴጅ መውረድ ለብቻው ቢሆን ይታገሡት ነበር፤ ነገር ግን በበርካታ ተርባይኖች ውስጥ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ መታገሥ እንዳለባቸው የሚቆጥር ቅንብር ነበረ። ቁጥሩ ሲሞላ በ7 ሰከንድ ውስጥ 456 ሜጋዋት ጠፋ፤ ከቪክቶሪያ ግዛት ጋር የሚያገናኘው መስመር የጎደለውን ሁሉ ለመሸከም ሲሞክር ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ተቆረጠ፤ 850,000 ገደማ ደንበኞችም ኃይል አጡ። የግሪዱ አስተዳዳሪ ያ የመቁጠሪያ ቅንብር መኖሩን አያውቅም ነበር።

ባትሪ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ግዛት፣ ሆርንስዴል በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 100 ሜጋዋት መስጠትና 129 ሜጋዋት ሰዓት መያዝ የሚችል የቴስላ ባትሪ ተተከለ፤ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከ1 ሰዓት ትንሽ በላይ ይቆያል ማለት ነው። ዋና ብልጫው ፍጥነቱ ነው፤ እየሞላ ሳለ ግሪዱ ቢቸገር መሙላቱን አቁሞ በቅጽበት ወደ መስጠት ስለሚዞር፣ ልዩነቱ ከአቅሙ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ባትሪም ከግሪዱ ጋር የሚነጋገረው በኢንቨርተር ነውና የኢንቨርተርን ጠባይ ሁሉ ይወርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ የባትሪ ጣቢያዎች ራሳቸው በሾርት ምክንያት ከመስመር ወጥተዋል።

ግሪድ መሥራች የሚባሉት ኢንቨርተሮች ከዚህ የተለዩ ናቸው። እነዚህ የሌላውን ሞገድ ከመከተል ይልቅ ሞገዱን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ከአጨብጫቢነት ወደ ከበሮ መቺነት ይሸጋገራሉ። የሆርንስዴል ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ አሠራር ተጨምሮለት፣ የሚሽከረከር ብረትን በፕሮግራም እየመሰለ የኢነርሺያ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ገደብ ግን አለበት። አንድ ጄነሬተር በሾርት ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ሊያፈስ ሲችል፣ ኢንቨርተር ትራንዚስተሮቹ እንዳይቃጠሉ ከመደበኛው እምብዛም አልፎ አይሰጥም። ሪሌዮች ደግሞ ሾርትን የሚለዩት በአብዛኛው በኮረንቲው ብዛት ስለሆነ፣ ኢንቨርተር በበዛበት አካባቢ ሾርት ያደረገ መስመር ለሪሌዩ ትንሽ ከበድ ያለ ተራ ፍጆታ መስሎ ሊታየው ይችላል። በዚህ የተነሣ ደቡብ አውስትራሊያ በባትሪ ብቻ ሳትወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነዳጅ የማያቃጥሉና ኃይል የማያመነጩ፣ ሥራቸው መሽከርከር ብቻ የሆነ 4 ትላልቅ ማሽኖችን በዴቨንፖርትና በሮበርትስታውን ተከለች።

[ምስል፦ በኮምፒዩተር ላይ የኢንቨርተር ቅንብር የሚያስገባ ቴክኒሺያን]

ተራኪ፦ የቀረው ሥራ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። አዲስ ጣቢያ ከግሪድ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ባሕርዩን የሚያሳይ የኮምፒዩተር ሞዴል ለአስተዳዳሪው ይቀርባል፤ ጥናቱ የሚካሄደውም በዚያ ሞዴል ላይ ነው። ሳይት ላይ ያለው ቴክኒሺያን የሚያስገባው ቅንብር ከሞዴሉ ከተለየ ጥናቱ የሌላ ጣቢያ ጥናት ሆኖ ይቀራል፤ በምርመራዎቹ ውስጥ ይህ ተደጋግሞ ታይቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 2800 መመዘኛ፣ ኢንቨርተሮች በሾርት ጊዜ እንዴት ከመስመር ሳይወጡ መታገሥ እንዳለባቸው በዝርዝር ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በትእዛዝ ቁጥር 901 ኔርክ ስለ መረጃ ልውውጥ፣ ስለ ሞዴልና ስለ አፈጻጸም አስገዳጅ ደንቦችን እንዲያወጣ አዘዘ።

አዳዲሶቹ ጣቢያዎች በዚህ ይገዛሉ። ቀደም ብለው የተተከሉት ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ሊስተካከሉ አይችሉም፤ አንዳንዱ አዲስ ፕሮግራም ሲጫንበት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ አካሉ ራሱ አይፈቅድለትም፣ የአንዳንዱ አምራች ደግሞ ድርጅቱን ዘግቶ ሄዷልና ቅንብሩን ለመለወጥ ቢፈለግ እንኳ የሚጠየቅ ሰው የለም።