ኤድዊን ላንድ፦ ጨለማ ክፍልን በወረቀት ውስጥ ያሸገው ሰው

(ምስል፦ ነጭ ጠርዝ ያለው ባዶ ካሬ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል)

ይህ ወረቀት ከካሜራው አፍ የወጣው ከጥቂት ሰከንዶች በፊት ነው። አሁን የሚታየው አረንጓዴ የመሰለ ባዶ ገጽ ብቻ ቢሆንም፣ ትንሽ ብትታገሡ በመጀመሪያ የትከሻ ጥላ፣ ቀጥሎም ዓይንና ከንፈር ከውስጡ ብቅ ይላሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ያወዛውዘዋል። ልማዱ የመጣው እርጥብ ሆነው ይወጡ ከነበሩት የቀድሞ ፊልሞች ነው፤ ለዚህኛው ግን ምንም አይጠቅመውም፣ ኬሚካሉ በሙሉ በፕላስቲክ ሽፋን ሥር ታሽጓልና።

ይህን ከካሜራው እንደወጣ በራሱ የሚታጠብ ቅጽበታዊ ፎቶ ያሰበው ኤድዊን ላንድ እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ ተወለደ። በኋላ ሰዎች «ዶክተር ላንድ» እያሉ ቢጠሩትም ማዕረጉ የክብር ነበር፤ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን እንኳ ሳይጨርስ ወጥቷል። ያስወጣው ስንፍና ሳይሆን አንድ የብርሃን ጥያቄ ነው።

ከፀሐይም ሆነ ከመብራት የሚመጣ ብርሃን በየአቅጣጫው የሚርገበገብ ሞገድ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀር ማጣሪያ ከተገኘ፣ ዓይን የሚወጋውን ነጸብራቅ መቀነስ ይቻላል። ይህን ማድረግ የሚችል ክሪስታል እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄራፓት በ1852 አግኝቶት ነበር፤ ችግሩ ክሪስታሉ በጣም ትንሽና ቶሎ የሚሰበር መሆኑ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙት አንድ ትልቅ ክሪስታል ለማሳደግ ነበር። ላንድ ግን ነገሩን ገለበጠው፦ ክሪስታሎቹን ይበልጥ አደቀቃቸው፣ በፈሳሽ ውስጥ በተናቸው፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ አሰልፎ ስስ ንጣፍ አደረጋቸው። በዚያ ዘመን በቂ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ሌሊት ሌሊት በመስኮት እየገባ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይሠራ እንደነበር ይነገራል። የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻውን ሲያስገባ ዓመቱ 1929 ነበር።

ላንድ ንጣፉን ያሰበው ለመኪና መብራት ነበር፤ ሌሊት በመንገድ የሚገናኙ አሽከርካሪዎች እርስ በርስ ዓይናቸውን እንዳያጠፉ። የመኪና አምራቾች ግን አልተቀበሉትም። በ1937 የተመሠረተው ኩባንያው ፖላሮይድ የኖረው በፀሐይ መነጽርና በካሜራ ማጣሪያ፣ ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ በሚያቀርባቸው ዕቃዎች ነው። የሐሳቡ ዘር ግን አልጠፋም፤ ዛሬ የኤል ሲ ዲ ስክሪን ያለ እንዲህ ዓይነት ንጣፎች ምስል ሊያሳይ አይችልም።

(ምስል፦ በእጅ የተሳለ የፊልም ንብርብር)

በ1943 ላንድ ከቤተሰቡ ጋር በኒው ሜክሲኮ፣ በሳንታ ፌ ከተማ ለዕረፍት ሳለ የሦስት ዓመት ልጁን ፎቶ አነሣት። ልጅቷም ፎቶውን አሁኑኑ ማየት ለምን እንደማትችል ጠየቀችው። ላንድ በኋላ እንደተናገረው፣ ብቻውን ወጥቶ በከተማይቱ ሲዘዋወር አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ካሜራው፣ ፊልሙና ኬሚስትሪው በአእምሮው ቅርጽ ያዙ። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ሲደጋገሙ መወልወላቸው አይቀርምና የሰዓቱን ነገር በጥንቃቄ መስማት ይበጃል፤ የኬሚስትሪው ውበት ግን ማጋነን አያስፈልገውም።

በተለመደው አሠራር፣ ብርሃን የነካው የብር ውህድ ፊልሙ ላይ ይጠቁራል፤ ያልነካው ታጥቦ ይወገዳል። ላንድ ያየው ይህን የሚወገደውን ነው። ኔጋቲቩ (ብርሃኑን የተቀበለው ፊልም) እና ፎቶው የሚታተምበት ወረቀት በሁለት ትናንሽ ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል ተጣብቀው ሲያልፉ፣ ጫፋቸው ላይ ያለች የኬሚካል ከረጢት ትፈነዳና ዝልግልግ ፈሳሹ በመካከላቸው በእኩል ውፍረት ይነጠፋል። ብርሃን ያልነካው ብር በዚህ ፈሳሽ ሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና እዚያ ጥቁር ቅንጣት ሆኖ ይሰፍራል። ብርሃን ያልደረሰበት ሥፍራ በዚህ መንገድ ጥላ ሆኖ ይታተማል። ሌላው የሚጥለው ትርፍ ለላንድ ፎቶው ራሱ ሆነለት።

ውጤቱን በየካቲት 1947 በኒው ዮርክ ለአሜሪካ የኦፕቲክስ ማኅበር አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር የመጀመሪያው ካሜራ በቦስተን ጆርዳን ማርሽ መደብር በ89.75 ዶላር ሲቀርብ፣ የመጡት ካሜራዎች በዕለቱ ተሸጠው አለቁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፤ አንድ ነገር ግን መጠቀስ አለበት። ላንድ የጥቁርና ነጭ ፊልሙን ምርምር እንድትመራ የሾማት ሜሮ ሞርስን ነው፤ እሷ ደግሞ የተማረችው ኬሚስትሪ ሳይሆን የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበር።

የሥራው ጫፍ በ1972 ይፋ የሆነው ኤስ ኤክስ 70 ነው። ታጥፎ ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባው ይህ ካሜራ ፎቶውን በራሱ ያወጣል፤ የሚላጥም የሚጣልም ወረቀት የለውም። ከባዱ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነበር፦ ገና ያልታጠበ ፊልም በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ እንዴት አይቃጠልም? ላንድና ባልደረቦቹ በፈሳሹ ውስጥ ልዩ ቀለሞች ጨመሩ፤ ቀለሞቹ ፈሳሹ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) እያለ ብርሃን እንዳያልፍ ይከልላሉ፣ አልካላይነቱ ሲቀንስ ደግሞ ይጠራሉ። ፊልም ከብርሃን ተጠብቆ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ከእንግዲህ ለጥቂት ደቂቃ ኖሮ የሚጠፋ ስስ ሽፋን ሆነ።

ይህ ድል፣ እንደ እኔ ግምት፣ ላንድን አሳስቶታል። መፍትሔው ሁልጊዜ ኬሚስትሪ ነው፣ ገበያውም ከፈጠራው በኋላ ይመጣል ብሎ አመነ። በ1977 ያወጣው ፖላቪዥን ቅጽበታዊ የተንቀሳቃሽ ምስል ቀረጻ ነበር፤ እንደ ኬሚስትሪ ሥራ ድንቅ ቢሆንም ድምፅ አልነበረውም፣ አንዱ ካሴት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ተቀድቶበት ዳግም ሊቀዳበት አይችልም። በዚያው ወቅት የቪዲዮ ክር ይህን ሁሉ ያደርግ ነበር። ኩባንያው በ1979 ከባድ ኪሳራ አወራርዶ ሥራውን አቆመ፤ ላንድም በ1982 ከፖላሮይድ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

በፍርድ ቤት ግን አሸነፈ። የፎቶ ፊልምና ካሜራ አምራቹ ኮዳክ በ1976 የራሱን ቅጽበታዊ ካሜራ ሲያወጣ ፖላሮይድ ከሶት ነበር፤ ኮዳክ በ1986 ከዚህ ገበያ እንዲወጣ ተገደደ፣ በ1991 ደግሞ 925 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ላንድ በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን በ81 ዓመቱ ስላረፈ ክፍያውን አላየም። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች 535 ነበሩ። ስቲቭ ጆብስም እንደ አርአያው ይቆጥረው ነበር።

ፖላሮይድ በ2001 ለኪሳራ አመለከተ፣ በ2008 ደግሞ ፊልም ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። በኔዘርላንድስ፣ በኤንስኬዴ ከተማ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያዎች የተረከቡ ጥቂት ሰዎች ፊልሙን ለማስቀጠል ቢነሡም፣ አንዳንዶቹ ኬሚካሎች መመረታቸው ቀርቶ ስለነበር ቅመማውን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው። በ2010 የወጣው የመጀመሪያ ፊልማቸው ምስል ይሰጥ ነበር፤ ጊዜያዊው የጨለማ ሽፋን ግን እንደ ላንድ አልሠራላቸውም። ፎቶ አንሺዎች ወረቀቱ ከካሜራው ገና ብቅ ሲል በመዳፋቸው ወይም በካርቶን ከብርሃን ይጋርዱት ነበር።

(ምስል፦ ከካሜራው የሚወጣን ፎቶ የሚከልል መዳፍ)