ወረቀቱን ሳታነቡ ፕሪንተሩን አትኮንኑት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር በዚህ ጉም ተነስታችሁ ደሴ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናወራው በየቢሮአችን ጥግ ስለተቀመጠው ስላረጀው ፕሪንተር ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት በምሠራበት ቢሮ አንዲት እናት መሸኛ ደብዳቤ ፈልገው መጡ። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። የቀረው ማተምና ማህተም መምታት ብቻ ነው። ፕሪንት አልኩ። አንድ ወረቀት ወጣ፤ አናቱ ላይ የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል የተደበላለቀበት አንድ መስመር አለ። ሌላው ባዶ ነው። ሁለተኛውም እንዲያው። ደንግጬ ደግሜ ፕሪንት አልኩ፣ ሠለስኩ። ትሪው ላይ ያለው ወረቀት እስኪያልቅ አወጣው። እናታችን የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ያዩኛል። «ልጄ፣ ታመመ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ተበላሽቷል። ሰኞ ይመለሱ» አልኳቸው።

ፕሪንተሩ ግን ደህና ነበር። ኮምፒውተሩ ሲቀየር የሌላ ፕሪንተር ድራይቨር ተጭኖበት ነው። ያንን የደረስኩበት እሳቸው የትራንስፖርት ከፍለው ከሄዱ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

ፕሪንተር የሚሰማው ቋንቋ አለው። ፒሲኤል የሚሰማ አለ፣ ፖስትስክሪፕት የሚሰማ አለ። እንደ ሌዘርጄት 1020 ያለው ደግሞ ሁለቱንም አይሰማም፤ ገጹን ኮምፒውተሩ ስሎ ነው የሚሰጠው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ሲሳሳት ፕሪንተሩ ትእዛዙን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ያትመዋል። ያ የተደበላለቀ መስመር እንግዲህ ትእዛዙ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ስታዩ ቶነር አትቀይሩ። የሞዴሉን ትክክለኛ ድራይቨር ጫኑ። ገመዱንም እዩት፤ የላላ ወይም ከ5 ሜትር በላይ የተቀጠለ የዩኤስቢ ገመድም መልእክቱን ያበላሻል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው አንድ ሙከራ ነው። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉና ፕሪንተሩ የራሱን የሙከራ ገጽ ያትም። ብዙዎቹ ላይ አንዱን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ስክሪን ያላቸው ከሜኑ ውስጥ አላቸው። ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ችግሩን ገመዱ፣ ድራይቨሩ ወይም ሰነዱ ውስጥ ፈልጉት።

አደራ፣ ደጋግማችሁ ፕሪንት አትበሉ። የተበላሸው ሥራ ወረፋው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ አጥፍታችሁ ብታበሩትም ይመለሳል። ዊንዶውስ ላይ ሰርቪስ ውስጥ ገብታችሁ ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ ፕሪንት ስፑለር የሚለውን አቁሙ። ሲስተም 32 ውስጥ ስፑል፣ ከዚያም ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱና ያለውን ፋይል አጥፉ። ከዚያ ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ። የኤችፒ ሌዘርጄት ስክሪን ላይ 49 ብሎ የሚጀምር ኤረር ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ፕሪንተሩ ያልገባው ሰነድ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ገመድ ነቅላችሁ፣ ወረፋውን አጽድታችሁ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ዝግጁ ነኝ ካለ ፕሪንተሩን ተዉት፤ ሰነዱን መርምሩ።

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያደክመን እዚህ ጋ ነው።

ወሎ ውስጥ ሸኾቻችን መንዙማ በአጀሚ ይጽፉ እንደነበር ታውቃላችሁ። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፣ ቋንቋው አማርኛ። ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያን ወረቀት ቢያነሳ ፊደሉን ይቆጥራል እንጂ ቃሉን አያገኘውም። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት የድሮ ሰነዶቻችንም እንደዚያ ናቸው። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር፤ ያውም ሁሉም ለፊደል የሚሆን አይደለም። ፊደላችን ደግሞ ከሀ እስከ ፐ በሰባት ቤት ብቻ ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በላቲኑ ፊደል ቦታ የኛን መልክ ሳሉበት። ስክሪኑ ላይ «ሰ» የምታዩት ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ያ የተደበቀው ላቲን ይወጣል። የፎንቱን ስም ወደ ኒያላ መቀየርም አያድነውም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ፣ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ መገልበጥ አለበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሰ» የራሱ ቁጥር አለው።

እንግዲህ ወረቀቱን አንብቡት። ላቲን ከሆነ የድሮው ፎንት ጎድሏል። ባዶ ሣጥን ሣጥን ከሆነ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ የጠፋው የግዕዝ ፎንት ነው። ስክሪኑ ላይ አምሮ ወረቀቱ ላይ ከተበላሸ ግን ፕሪንተሩ በራሱ ፎንት ተክቶት ይሆናል። ያኔ ከድራይቨሩ ሴቲንግ ፎንቱን እንደ ምስል እንዲልክ እዘዙት። ወይም ፒዲኤፍ አድርጉትና «እንደ ምስል አትም» የሚለውን ምረጡ። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ፊደሉ አይሳሳትም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በድሮ ፎንት የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች በየመዝገብ ቤታችሁ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ። አንዱ ኮምፒውተር ሲሞት ፎንቱም አብሮ ይሞታል። ፎንቱ ያለበት ማሽን በእጃችሁ እያለ ወደ ዩኒኮድ ገልብጧቸው፤ ከዋናው ጋር እያስተያያችሁ አርሙ። የሰው መሬት፣ የሰው ጡረታ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።

የክረምቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጉሙ ቢሮ ድረስ ይገባል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይጣበቃል፣ ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ይገረጣል። የወረቀቱን እሽግ ከፍታችሁ ወለል ላይ አትተዉት። ሌዘር ፕሪንተርንም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ማሞቂያው ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጎዳዋል።

የተበላሸ ወረቀት ይዛችሁ እንድትመጡ ነግሬአችሁ ነበር። አብሽሩ፣ ሁሉንም እናየዋለን። ከሻይ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉልኝ፤ አንድ በአንድ እናነባቸዋለን። የመጀመሪያውን እኔ አመጣለሁ፤ ያን ቀን እናታችን ፊት የወጣውን አንዱን እስካሁን አልጣልኩትም።