ባትሪ ያዢዋ

እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ፤ ሦስት ቀን መኪና ስር ተኝቼ ነው የከረምኩት። ጅማ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ዘንቦ አባርቶ እንደገና ዝናብ ነው። ከጀርባዬ የሚንኳኳው ቆርቆሯችን ነው።

መኪናዋ የአባዬ ቮልስ ናት። በፈረንጅ 1972 ሞዴል። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ ላይ ቀርታለች። ነገሩ የጀመረው ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። የግቤን ዳገት ጨርሼ መንገድ ዳር ስቆም የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ትጠፋለች፣ ስለቃት ትበራለች። ዘይቱን ለካሁ፤ ሙሉ ነው።

እዚህ ከገባሁ በኋላ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሁለት ደቂቃ አዳመጧትና «ሞተር ይውረድ» አሉኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ወፈር ያለ ዘይት አድርግባት፣ ዝም ትላለች» አለኝ። አደረግኩ። እውነትም ዝም አለች፣ ሁለት ወር። ከዚያ መብራቱ ተመለሰ።

ቮልስ ውሃ የላትም። የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ዘይቷ ደግሞ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ፊልትሮ እንኳ የላትም፤ ከስር ወንፊት አለች፣ በቃ። ያንን ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ ከፑሌጃው፣ ቺንጊያው ከሚዞርበት መዘውር፣ ጀርባ ነው የተቀመጠው። ውስጡ ጥርሳቸው የተያያዘ ሁለት ማርሾች፣ ፊታቸው ላይ አንድ ክዳን። ማርሾቹ ሲዞሩ በዓመታት ብዛት ክዳኑን ይፍቁታል። ክዳኑ ሲጎደጉድ የተገፋው ዘይት በዚያች ክፍተት ወደ መጣበት ሾልኮ ይመለሳል፤ ግፊቱ ይወርድና መብራቷ ትበራለች። ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥንና ይብስበታል። ጠዋት ጤነኛ፣ ዳገት ላይ በሽተኛ የምትሆነው ለዚህ ነው። ወፍራሙ ዘይት በሽታውን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ ሞተር አይወርድም።

ፓምፕ ከሶማሌ ተራ አስገዝቼ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ስር ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። ቺንጊያውን አወጣሁ፣ ፑሌጃውን ፈታሁ፣ ላሜራውን አነሳሁ። እማዬ በርጩማዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልታማርር ነው ብዬ ነበር። ባትሪውን ከእጄ ወሰደችና አበራችልኝ። ሳልጠይቃት «13 ቁጥር ነው» ብላ ቁልፉን አቀበለችኝ።

አራቱን ዳዶ ፈትቼ አዲሱን ላስገባ ስል የፓምፑ ምላስ ካምሻፍቱ ላይ፣ ፓምፑን የሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ ላይ፣ እምቢ አለ። ገፋሁ፣ አዞርኩ፣ ተሳደብኩ። እማዬ አጎንብሳ አየችውና «አባትህም መጀመሪያ የገዛው የማይሆነውን ነው» አለች። ለካ በፈረንጅ 1971 አካባቢ ካምሻፍቱ ተቀይሯል፤ የፊተኞቹ ፓምፕ ለኋለኞቹ አይሆንም። የመጣልኝ የፊተኞቹ ነበር።

«ታዲያ ምን አደረገ?» አልኳት።

«ክዳኑን ፈገፈገው።»

እኔ ልጅ ሆኜ አባዬ «ባትሪ ያዝ» ሲለኝ አሥር ደቂቃ አልቆይም ነበር። ብርሃኑን ጉንዳን ላይ፣ ዛፍ ላይ እየወረወርኩ አስቸግረዋለሁ። ይቆጣኛል፣ እሮጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚይዝለት አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ «አባዬ ሠራት» ነው የምንለው። እሱ ሲሞት የቮልሷ ነገር አብሮት ተቀበረ ብዬ ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር፣ ሴትየዋ ቤት ውስጥ ቡና ትቆላ ነበር። አልጠየቅኳትማ!

የአሮጌው ፓምፕ ገላና ማርሾቹ ደህና ነበሩ። ክዳኑ ላይ ግን ጣቴን ሳሳልፍ ጥፍሬ ይያዛል፤ ሁለት ክብ ጉድጓድ። ከሂርማታ ገበያ የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ጠፍጣፋ ነገር ሳጣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫውን መስታወት አወጣሁ። (እማዬ እዚህ ላይ ተቆጥታለች፤ ይመዝገብልኝ።) ወረቀቱን ዘይት ነክሬ ክዳኑን በስምንት ቁጥር አኳኋን አሸው ጀመር። አንድ ሰዓት ሙሉ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ብቻ ነጣ፣ ጉድጓዶቹ ጥቁር ቀሩ። ቀስ በቀስ ጠበቡ፣ ክር አከሉ፣ ጠፉ። በማርሹና በክዳኑ መሃል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ለካሁት፤ አላለፈም።

ስገጥም ማርሾቹን ቫዝሊን ሞላኋቸው፤ ፓምፑ ደረቅ ከሆነ ዘይት አይስብም። አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)፣ አዲስ ዘይት። ልክ ቁልፉን ላዞር ስል ከበርጩማው ላይ «ቦቢናውን ንቀል!» የሚል ድምፅ መጣ። ልክ ናት፤ ዘይቱ ሳይደርስ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ለካንዴላ እሳት የሚልከውን የቦቢና ገመድ ነቅዬ በሞተሪኖ ብቻ አዞርኳት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ… መብራቱ ጠፋ።

እሁድ ሁለታችን ጅሬን ወጣን። ዳገቱን ሆን ብዬ አስጨነቅኳት። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ሞተሯን ሳላጠፋ አቆምኳት። እዚያው አምስት ደቂቃ ስትንተከተክ መብራቱን አፍጥጬ አየሁት። ምንም የለም። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ሰጠች።

«ቫልቩ ይንጫጫል» አለች። «ነገ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እንለካዋለን።»