ቆጥረን መመለስ የምንችለውን ያህል፦ በዓመታዊው ጉባኤ የሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሩጫ አዘጋጆች፣ የሕክምናና የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች፣ ክቡራን እንግዶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለዚህ ዓመታዊ ጉባኤ በደህና መጣችሁ እላለሁ። እዚህ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን ሯጮች ብቻ ሳንሆን፣ ውኃ የጫነ መኪና በሌሊት የምንነዳ፣ በመስመሩ ላይ ምልክት የምናስር፣ ሩጫው ሲያበቃም ያሰርነውን ሪባን አንድ በአንድ የምንለቅም ሰዎች ነን። ስለዚህ ንግግሬ በአዘጋጆች ሥራ፣ በተለይም ዛሬ ውሳኔ በሚጠብቀው አንድ ጥያቄ ላይ እንዲያተኩር መርጫለሁ። ጥያቄውም በበረሃ በምናካሂዳቸው አነስተኛ አልትራማራቶኖች፣ ማለትም ከማራቶን በሚረዝሙ ሩጫዎች፣ እና በዱካ ሩጫዎች ላይ ስንት ሰው መመዝገብ ይገባናል የሚል ነው።

ከማራቶን ርቀት፣ ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ የጥቂቶች እብደት ተደርጎ የሚታይበት ዘመን አልፏል። ፈረንሳዊው ፓትሪክ ባወር እ.ኤ.አ. በ1984 ስንቁን ተሸክሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሰሃራን በእግሩ ካቋረጠ በኋላ፣ በ1986 በሞሮኮ የጀመረው ማራቶን ዴ ሳብል የተባለው የበረሃ ሩጫ የተነሣው በ23 ሯጮች ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ይሰለፉበታል። ይህ ዕድገት ሄሊኮፕተርና የተደራጀ የሐኪሞች ቡድን ይዞ የመጣ በመሆኑ የምነቅፈው አይደለም። የሚያሳስበኝ ዕድገቱን ብቻ አይተን፣ አብሮት ያደገውን አቅም ሳናይ፣ የእኛንም ሩጫዎች በተመዝጋቢ ብዛት መለካት መጀመራችን ነው።

ይህን ስል ሩጫው ትንሽ ከሆነ አደጋ የለበትም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 ጣሊያናዊው ሯጭ ማውሮ ፕሮስፔሪ በዚያው ውድድር ላይ በአሸዋ አውሎ ነፋስ መንገድ ስቶ ከአንድ ሳምንት በላይ በበረሃ ከተንከራተተ በኋላ በሕይወት የተገኘው ድንበር ተሻግሮ አልጄሪያ ውስጥ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ተሳታፊው ከዛሬው እጅግ ያነሰ ነበር። ግንቦት 22 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በቻይና ጋንሱ ግዛት በደረቅ ገደላማ ምድር በተካሄደው የ100 ኪሎ ሜትር ሩጫ የተሰለፉት 172 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል 21 ሞተዋል። የገደላቸውም ብርድ ነው። ኃይለኛ ነፋስ፣ ዝናብና በረዶ የወረደባቸው መኪና በማይደርስበት ዳገት ላይ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ጃኬትም በግዴታ ከሚያዙ ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ከተረፉት ስድስቱን ያዳናቸው ከዝናቡ በዋሻ ተጠልሎ የነበረ አንድ እረኛ ነው። የሟቾቹን ብዛት ሰምተን ከማዘን አልፈን፣ ያ መስመር ለ172 ሰዎች የሚሆን መውጫ ነበረው ወይ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። እንደ እኔ ግምት ለሃያ ሰዎችም የሚበቃ አልነበረውም።

እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ የሚለው የሚከተለውን ነው። የአንድ ሩጫ የተሳታፊዎች ጣሪያ የሚወሰነው በመስመሩ እጅግ አስቸጋሪ ቦታ ላይ፣ በዕለቱ እጅግ አስቸጋሪ ሰዓት፣ ያለን ሰውና ዕቃ ስንቱን ቆጥሮ፣ ፈልጎ አግኝቶና አክሞ ሊመልስ እንደሚችል ታይቶ ነው። የማመልከቻው ብዛት ወይም የባለፈው ዓመት ቁጥር መነሻ ሊሆን አይችልም።

ነገሩን በሙቀት ምት ላስረዳ፤ ምክንያቱም የረቂቁ ትርጉም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። በሙቀት የተመታ ሯጭ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል፤ ይቃዣል፣ ይንገዳገዳል፣ ራሱንም ይስታል። የሕክምናው መመሪያ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በኋላ ማጓጓዝ የሚል ሲሆን፣ ማቀዝቀዙም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መፈጸም አለበት። በአሜሪካ በፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመታት ውስጥ በሙቀት ምት የታከሙ 274 ሯጮች በቀዝቃዛ ውኃ እየተነከሩ ሁሉም በሕይወት መትረፋቸው ተመዝግቧል። ነገር ግን ያ ሩጫ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም ሲሆን፣ በረዶ የተሞላው ገንዳና ሐኪሙ መጨረሻው መስመር ላይ ይጠብቃሉ። የእኛ ሯጭ የሚወድቀው ከአንዱ የውኃና የእርዳታ ጣቢያ እስከ ሌላው መካከል፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። ገንዳ በሌለበት ሸራ አራት ማዕዘኑን ሰዎች ይዘው ታማሚውን በውኃና በበረዶ መካከል ማስተኛት ይቻላል፤ ለዚህ ግን ሸራው፣ በረዶው፣ ለመጠጥ ከተመደበው የተለየ ውኃና ሸራውን የሚይዙት ሰዎች በየጣቢያው መኖር አለባቸው። ጣቢያው በአንድ ጊዜ አንድ ታማሚ ብቻ ማቀዝቀዝ የሚችል ከሆነ፣ በቀትር በዚያ ክፍል ላይ መቶ ሰው መልቀቅ ቁማር ነው።

ውኃን በተመለከተም አንድ የቆየ ልማድ ልንተው ይገባል፤ እርሱም በየጣቢያው «ጠጡ፣ ጠጡ» እያሉ መጮህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶ የሚሆኑት በደማቸው ያለው ሶዲየም የተባለው የጨው ንጥረ ነገር መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ የተገኘ ሲሆን፣ ዋነኛው ምክንያትም ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ሰው ሲጠማው ይጠጣ፤ ሯጩን ግን ቀና ብለን እንየው፣ እናናግረው። የሶዲየም ማነስም የሙቀት ምትም ሰውን ግራ ስለሚያጋቡ፣ ሁለቱን ለመለየት የውስጥ ሙቀት መለኪያና ረጋ ያለ ዓይን ያስፈልጋሉ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ከድንኳኑ የገቡትን አሥር ሯጮች በስማቸው ሊጠራቸው፣ የተሸከሙትን ውኃ ሊያይ፣ የደረት ቁጥራቸውንና የወጡበትን ሰዓት ሊመዘግብ ይችላል። መቶ ሲገቡበት ግን ሥራው ውኃ መቅዳት ብቻ ይሆናል። ባለ ጂፒኤስ መከታተያ መሣሪያ ይህን ይተካል የሚሉ ወዳጆቼ አሉ፤ መሣሪያው ሯጩ ያለበትን ቦታ ይነግረናል እንጂ የሚናገረው መደነባበሩን አያሳውቀንም።

በሌላ በኩል የሚነሣው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። የሳተላይት ስልኩ፣ የነፍስ አድን መኪናውና የሐኪሙ አበል ለሠላሳ ሰው ቢሆን ለሦስት መቶ ሰው ያን ያህል ስለማይለያይ፣ የተመዝጋቢ መብዛት የእያንዳንዱን ክፍያ ይቀንሳል። የሩጫዎቻችን በር ለባለ አነስተኛ ገቢው ሯጭ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የምትሹ ሁሉ ይህን ብታነሡ አልፈርድባችሁም። ሆኖም ክፍያን የምንቀንስበት ሌላ መንገድ አለን። አባል ሩጫዎች ቀኖቻቸውን ተነጋግረው ቢያራርቁ፣ አንዱ ሸራ፣ አንዱ የውኃ ታንከር፣ አንዱ የሬዲዮ መገናኛ ስብስብ ከአንዱ ሩጫ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል፤ በአንዱ የሮጠም በሌላው ጣቢያ ያገለግላል። ረቂቁ ይህን የጋራ መጋዘንና የቀን ድልድል ከጣሪያው ጋር አያይዞ ያቀረበው ያለዚህ ጣሪያው የሀብታሞችን ሩጫ ብቻ ስለሚያተርፍ ነው።

ስለ መሬቱ በአጭሩ ልናገርና ላብቃ። በብዙ በረሃዎች የአፈሩን ገጽ አጥብቆ የያዘው ሕይወት ባላቸው ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ስስ ቅርፊት ሲሆን፣ አንዴ ከተረገጠ ለመጠገን አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። መስመሮቻችን በነባር ዱካና በደረቅ ወንዝ እንዲያልፉ፣ ወንዙ ላይ ሲሆኑም ሩቅ ቦታ የጣለ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሊያወርድ እንደሚችል ታስቦ መውጫ እንዲዘጋጅላቸው ረቂቁ ይጠይቃል። የመሬቱ ነዋሪዎችና አርቢዎችም ከመስመሩ ምርጫ በፊት እንዲጠየቁ ይላል፤ ከጋንሱ እረኛ በኋላ ይህን ማስረዳት አያሻኝም።

በረቂቁ ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው አባላት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ በተለይ ሩጫን የማቆም ሥልጣን ከአዘጋጁ ተወስዶ ለሕክምና ኃላፊው ይሰጥ የሚለው አንቀጽ ብዙ እንደሚያከራክር እጠብቃለሁ። እኔ አንቀጹን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ቀን ሲደክም የኖረ አዘጋጅ ያን ቀን በገዛ እጁ መሰረዝ እንደሚከብደው ሁላችንም እናውቀዋለን። በመሆኑም የውይይቱ ቅደም ተከተል እንዲህ እንዲሆን ሥራ አስፈጻሚው ወስኗል፦ አስቀድመው የሕክምናና የነፍስ አድን ኃላፊዎች ይናገራሉ፤ ቀጥሎም የጣቢያ ኃላፊዎች፤ አዘጋጆች በመጨረሻ ይናገራሉ፤ ድምፅ የሚሰጠውም በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ለየብቻ ነው።

ስለ ትዕግሥታችሁ እያመሰገንሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።