«ፕሮቴክሽኑ ነው!» ስንል በምን አወቅን?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ጌም ፕሮቴክሽን፣ ማለትም ጌም ያለ ክፍያ እንዳይቀዳ ስለሚገጠምለት መከላከያ፣ እናወራለን፤ ይበልጥ ግን ስለ ፕሮቴክሽን ስለሚሰማው ስሞታ። «ዴኑቮ የሚባለው ፕሮቴክሽን ጌሙን አንቀራፈፈው»፣ «ፕሮቴክሽኑ ኮምፒዩተሬን በላው»። የትኛውን እንመን?

እስቲ አንድ ግቢ አስቡልኝ። አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ቅዳሜ ጠዋት አንዷ ተከራይ ምጣድ ሰካች። መብራት ድርግም! አከራይዋ እትዬ ብቅ ብለው «ያ ምጣድ ነው!» አሉ። መብራቱ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ቆሟል። «ምጣዱ ነው» የሚለው ግን ግምት ነው። በዚያው ደቂቃ ጓሮ ያለው ልጅ ካውያ ሰክቶ ይሆናል። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶም ይሆናል፤ እትዬ ወደ ጎረቤት መች አዩ! ታዲያ እንዴት ይጣራል? ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይና ምጣዱ ብቻ ይነቀላል። ይሰካል። እንደገና ይነቀላል። በተሰካ ቁጥር ከጠፋ፣ አዎ፣ ምጣዱ ነው። ይህን ምጣድ ያዙልኝ።

ስታርፎርስን የምታስታውሱ አላችሁ? የሩሲያው፣ የዲስክ ዘመኑ ፕሮቴክሽን። ተጫዋቾች «የሲዲ ድራይቬን ገደለው» አሉ። ድርጅቱ ደግሞ ሞስኮ መጥቶ ለሚያሳየኝ 10,000 ዶላር አለ። ጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ስታርፎርስን ተወው። ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፦ ዊንዶውስ ኤክስፒ ዲስክ ሲያነብ ስህተት ከተደጋገመበት ከፈጣኑ የንባብ ዘዴ (ዲኤምኤ) ወደ ዘገምተኛው (ፒአይኦ) ይወርዳል፤ ድራይቩ ያዘግማል፣ የሞተ ይመስላል። የተቧጨረ ዲስክም ይህን ያመጣል። ስለዚህ «ድራይቬ ዘገመ» ያለኝን አምነዋለሁ። «አቃጠለው» ያለኝን ግን ድራይቩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞክረኸዋል ወይ እለዋለሁ።

አሁን ወደምትደጋግሙልኝ ነገር። «ክራኩ (ፕሮቴክሽኑ የተሰበረለት ቅጂ) ከፈጠነ ጥፋተኛው ዴኑቮ ነው፣ አለቀ!» አላለቀም፣ ቤተሰብ። እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ሪዚደንት ኢቭል ቪሌጅ፣ የካፕኮም ድርጅት ጌም፣ 2021። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች ጠላት ሲመቱ ላግ ያደርጋል፣ ይንቀራፈፋል ብለው ጮኹ። ክራክ ወጣ፤ ላጉ የለም። የጌሞችን ፍጥነት የሚለካው ዲጂታል ፋውንድሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ለክቶ ልዩነቱን አረጋገጠ። ካፕኮምም የቅጂ መከላከያውን አሻሽያለሁ ብሎ ፓች (ማስተካከያ) ለቀቀ። ስሞታው ትክክል ነበር! የከፈለው ሲሰቃይ ያልከፈለው ያለ ችግር መጫወቱ እስካሁን ያናድደኛል። ግን ልብ በሉ፦ ጌሙ ውስጥ ከዴኑቮ ሌላ የካፕኮም የራሱ መከላከያም ነበር። ክራኩ ላይ ሁለቱም አልሠሩም፤ ምጣድና ካውያ አብረው ተነቀሉ ማለት ነው! ከፓቹ በኋላ ደግሞ ዴኑቮ እዚያው እያለ ላጉ ጠፋ። ዴኑቮ ከጌሙ የተነሳው በ2023 ነው። እና የዴኑቮ መኖር ብቻውን ላጉን ያመጣል ማለት አንችልም፤ መከላከያው ጌሙ ውስጥ እንዴት እንደተገጠመም ይወስናል። «አለቀ» ያላችሁኝ ልጆች፣ ስሞታችሁን ተቀብያለሁ፤ ፍርዳችሁን ነው ያልተቀበልኩት።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ እንዲህ ዓይነት ክርክር እዚህ ቤት አይጠፋም።)

አንድ የቀረኝ አለ። ግቢው ውስጥ ከፖል ላይ ሽቦ ጠልፎ የሚጠቀም ሰው «መብራቴ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይህ ግቢ አይረባም» ቢልስ? ታይታን ክዌስት በሚባለው ጌም ላይ የሆነው ይህ ነው። ጌሙ በ2006 ወጣ። በ2008 የአሳታሚው የቲኤችኪው ባልደረባ ማይክል ፊች እንደጻፈው፣ በግማሽ የተሰበረው ክራክ የፕሮቴክሽኑ ፍተሻ ላይ ሲደርስ ሆን ተብሎ ይዘጋ ነበር፤ ያወረዱት ሰዎች ግን «ጌሙ በስህተት የተሞላ ነው» እያሉ አወሩ፣ ወሬውም ከጌሙ ቀድሞ ገበያ ገባ። ይህም የሻጭ ቃል ነው፤ እሱንም በዚያው ሚዛን አስቀምጡት። ግን ስሞታ ስሰማ መጀመሪያ «ቅጂህ ከየት ነው?» የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮመንት ላይ ስትጽፉልኝ ግራፊክስ ካርዳችሁን፣ የጌሙን ቨርዥን፣ ላጉ የት ቦታ እንደሚመጣ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደቀየራችሁ ጻፉልኝ። ድራይቨር አዘምናችሁ ከሆነም አትደብቁኝ። እኔም እዚህ ማሽን ላይ እየነቀልኩ እየሰካሁ እሞክረዋለሁ፤ ቅዳሜ እንገናኝ!