ዋስ የሌለው ሠራተኛ

ድሬዎች፣ እንዴት ዋላችሁ? ሱቁ ሁሉ ለቀትር እንደተዘጋ ነው። የቬንትሌተሩ ድምፅ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ አጥፍቼዋለሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ ነው የማወራችሁ። አቦ፣ ቶሎ ልግባበት።

ቀፊራ ገበያ ላሉ አንድ ጅምላ ነጋዴ የዱቤ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ «ዋስ የሌለው ዱቤ አያገኝም» አሉኝ። ቆየት ብለው «ለሠራተኞቼ ዋስ አትመዝግብ» አሉ። ሰሞኑን ደግሞ ደውለው «ሠራተኞቼም በዱቤ ይውሰዱ» አሉኝ።

ሁለት ሁለቱን ብቻ አንብቡ፤ ይስማማሉ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ። ሠራተኛው ዋስ የለውም፣ ስለዚህ ዱቤ አያገኝም፣ ግን ደግሞ ያገኛል። በክላሲካል ሎጂክ፣ ማለትም በተለመደው ሎጂክ፣ ከእንዲህ ያለ ተቃርኖ ያሻችሁትን፣ ውሸቱንም ጭምር፣ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ኮድ ላይ ግን ምንም አይታይም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ቀድሞ የተጻፈው ኢፍ፣ «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ፣ ያሸንፋል፣ ፕሮግራሙም ይሠራል። የሰውዬውን የንግድ ሕግ የወሰነው እንግዲህ የመስመር ቅደም ተከተል ነው።

ዜድ ስሪ የሚባል የማይክሮሶፍት ሪሰርች መሣሪያ አለ። ሕጎቹን በሎጂክ ጽፋችሁ፣ ለየአንዳንዳቸው ስም ከሰጣችኋቸው፣ የማይታረቁትን ለይቶ ያወጣላችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ መኖሩን ካልነገራችሁት «ችግር የለም» ነው የሚላችሁ። እውነቱን ነው፤ ሠራተኛ በሌለበት ሱቅ ማን ይጣላል?

የቱ ይውጣ የሚለውን ግን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1985 አልቹሮን፣ ጋርደንፎርስና ማኪንሰን የተባሉ ፈላስፎች ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ያለው ሐሳብ ደስ ይለኛል፦ አዲስ ነገር ስትቀበል ከድሮው የግድ ከሚያስፈልገው በላይ አትጣል። አልቹሮን የሕግ ሰው ነበር፤ አንድ ሕግ ሲሻር አብሮት ምን ይሻራል ከሚል ጥያቄ ነው የተነሳው። እኛ ጋ ግን ከሦስቱ አንዷን ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ የቷን? ያንን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ብዙ ፕሮግራመር እዚህ ጋ «ከሠራተኛ በስተቀር» ብሎ ያልፋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሬይመንድ ሬይተር እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበው የዲፎልት ሎጂክም ለዚህ ይመቻል፦ ሌላ ነገር እስካልታወቀ ድረስ ዋስ ጠይቅ። እኔ ግን ሳልጠይቅ ማለፍ አልፈለግኩም። ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ሱቅ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንዷን ይሰርዙልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። «ምኑን ነው የምሰርዘው? የሠራተኛ ዋሱ ደመወዙ አይደል እንዴ!»

በቃ። ይሄ ከሦስቱም ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛዋ «የሰው ዋስ አትመዝግብ» ሆነች፤ የሠራተኛው ዱቤ ከወር ደመወዙ እንዳያልፍ አንድ ሕግ ተጨመረ። ዜድ ስሪም ተስማማ። በስተቀር ብዬ አልፌው ቢሆን ጣሪያ የሌለው ዱቤ እሰጥ ነበር።

አሁን የቀሩኝ ዕቃ የሚያወርዱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። እነሱ የወር ደመወዝ የላቸውም። ነገ በጠዋቱ ሳይሞቅ ሄጄ ጋሼን እጠይቃቸዋለሁ።